በሚካኤል ቀን የተከፈተ ጉድጓድ

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ግብዣ አድርጎ ሸኘኝ። ዳቦ ነበር፣ ለስላሳ ነበር፣ አንድ ጥሩ ጋቢ ነበር፤ ንግግር ደግሞ ከሁሉም በላይ ነበር። ኃላፊያችን ወጣት ነው፤ ችኩል ይሁን እንጂ ክፋት የለበትም። ማይክራፎኑን ይዞ በየወረዳው የጠገንኳቸውን የውሃ ፓምፖች ሲዘረዝር ቆየና ሲደክመው፣ "በአንድ ቃል ለመግለጽ ጋሽ አድማሱ ወርካሆሊክ ናቸው!" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ቃሉን ግን አላወቅሁትም። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ ያላወቅሁትን ለመጠየቅ አፍሬ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ጋቢው ትከሻዬ ላይ ስለነበር ነው መሰለኝ አፈርኩ።

ልጄ መሠረት እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኋት።

"ወርካሆሊክ ምን ማለት ነው?"

"የሥራ ሱሰኛ ማለት ነው፣ አባዬ።"

"ሱሰኛ? እንደ ጫት?"

"እንደ መጠጥ። ከአልኮሆሊክ ነው የመጣው። መጠጥ አልለቀው ያለ ሰው አልኮሆሊክ ይባላል አይደል? የዚያን መጨረሻ ቆርጠው ወርክ፣ ማለትም ሥራ፣ ከሚለው ቃል ጋር ቀጠሉት።"

"እና ያ ልጅ በሰው ፊት ሰካራም ብሎኝ ነው ያጨበጨብኩት?"

ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ሳቀ። መሠረት ስቃ ስትጨርስ የቃሉን አመጣጥ ነገረችኝ። አንዳንዶች ጋዜጣ ላይ ለቀልድ ወጥቶ ነበር ይላሉ አለች። በሰፊው ያስታወቀው ግን አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን የሚያማክር አንድ የሃይማኖት አስተማሪ ነው። ያ ሰው ቃሉን የተናገረው ማንንም ሊሰድብበት ወይም ሊያሞግስበት አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው። ሰካራሙ ከጠርሙሱ መለየት እንደሚያቅተው እኔም ከሥራዬ መለየት አቅቶኛል ብሎ ጥፋቱን ነው የተናገረው።

"ታዲያ እንዴት ሙገሳ ሆነ?" አልኳት።

"አለቆች ወደዱት መሰለኝ" አለች።

ያ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እኛ ሥራ ለሚያበዛ ሰው ያሉን ስሞች ታታሪ፣ ትጉህ፣ ሥራ ወዳድ ናቸው፤ ሁሉም ሙገሳ ነው። ወቀሳውን የያዘ አንድ ስም ግን ገጠሩ አለው። የኔ አገር ገበሬ ሥራ ማቆም ሲገባው ያላቆመን ሰው በዓል ሻሪ ይለዋል። ከባድ ስም ነው፤ ከሰው ጉርብትና ያስወጣል፣ ከማኅበር ያስወጣል። እውነቱን ለመናገር ያ ስም የኔ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመችው ግን ወይዘሮ ባንቻየሁ የምትባል ሴት ናት። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ስለ ራሴ የማወራው እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ለማስረዳት ያህል ነው።

ሥራ የጀመርኩት ይጁቤ ነው። መጀመሪያ ቧንቧ ለመቅበር ቦይ የምቆፍር የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ደመወዙ ለወሬ አይበቃም። ቀልጠፍ ማለቴን አይተው የስድስት ወር ሥልጠና ላኩኝና በእጅ ፓምፕ ጠጋኝነት ተቀጠርኩ። ያሠለጠነኝ ትምህርት ቤቱ ነው ቢባልም ሙያውን ያስያዘኝ ጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ጢሙን በሥርዓት የሚከረክም ሰው። ከይጁቤ ወደ ጉንደ ወይን ሲዛወር እኔንም አስከትሎኝ ሄደ።

የጋሽ ሰይድ አሠራር መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ፓምፑ ዘንድ እንደደረስን እኔ መፍቻ ሳነሣ እሱ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ሊቀዱ የመጡትን ሴቶች ይጠይቃል። "ከመቼ ጀምሮ ነው የከበደው? ጧት ነው ማታ የሚብሰው? እጀታው ስንት ጊዜ ሲገፋ ነው ውሃው ብቅ የሚለው?" ያዳምጣቸዋል፤ መልሱን ደግሞ ይደግምላቸዋል። ከዚያ ተነሥቶ ጆሮውን ብረቱ ላይ ያስጠጋና አንዷን ፓምፒ ይላታል። ብዙ ጊዜ ከመፈታቱ በፊት ምኑ እንደተበላሸ ይነግረኛል፤ የታችኛው ጎማ ነው፣ ዘንጉ ላልቷል፣ አምስተኛው ቧንቧ ተበስቷል። ሲፈታ እንዳለው ይገኛል።

ጥልቅ ጉድጓድ የማያውቅ ሰው ነገሩን እንዲረዳ ትንሽ ልተርክ። ከላይ የምናየው እጀታ ነው እንጂ ሥራው ያለው ከታች ነው። ከእጀታው ሥር ሦስት ሦስት ሜትር የሆኑ የብረት ቧንቧዎች እየተቀጣጠሉ አርባና ሃምሳ ሜትር ይወርዳሉ። ከጫፉ ላይ ሲሊንደር አለ፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎማ ሲበላ ውሃው ሳይወጣ ተመልሶ ይወርዳል። ጎማው ከእጅ መዳፍ ያነሰች ነገር ናት። እሷን ለመለወጥ ያንን ሁሉ ብረት አንድ በአንድ እያወጡ መፍታት ግድ ነው። አንዱ ሲፈታ የቀረውን ክብደት በሙሉ በጉድጓዱ አፍ ላይ የሚይዘው ክላምፕ የምንለው መቆንጠጫ ነው። ክላምፑ ከከዳ ብረቱ ሁሉ ወደ ታች ነው።

ጋሽ ሰይድ ስለዚህ ሁለት ክላምፕ ያስር ነበር። አንደኛው ላይ ሰው ይቆማል፤ ከሥሩ ሁለተኛው ይታሰራል። ከስድስት ሰው ባነሰ ቧንቧ አውጥቶ አያውቅም። እኔና አንተ ከሁለት ጎረምሳ ጋር ሆነን አንችለውም ወይ ስለው፣ "እንችላለን፤ ባንችልስ?" ይለኛል። አላሳመነኝም።

ሌላው ልማዱ ደብተሩ ነው። በየቀበሌው የሚከበረውን በዓል ይጽፍበታል። ይህኛው ቀበሌ ሥላሴን ያጠብቃል፣ ያኛው አቦን፣ ወንዝ ማዶ ያሉት ኪዳነ ምሕረትን፣ እነዚህ ደግሞ ታቦታቸው ሚካኤል ነውና በወሩ በአሥራ ሁለት የማረሻ ዕርፍ አይነኩም። መርሐ ግብር የምናወጣው በዚያ ደብተር ነበር። አንድ ጊዜ ክርስቲያኑ እኔ ሆኜ ሳለ እሱ ለምን በዚህ እንደሚጨነቅ ጠየቅሁት።

"በዓሉ የእነሱ ነው፤ ጉድጓዱም የእነሱ ነው" አለኝ። "እኔ ቀናቸውን ሳልጠይቅ ጉድጓዳቸውን አልከፍትም። ደግሞ በበዓላቸው ብትመጣ ማን ቧንቧ ይይዝልሃል?"

ሰው ይወደው ነበር። ጠላ እንደማይጠጣ ስለሚያውቁ ብርዝ በጥብጠው ያቆዩለታል፣ ቆሎ ያቀርቡለታል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መፍቻዎቹን ጆንያ ላይ ደርድሮ ይጠርጋል፣ እጁን ይታጠባል፣ ያልተጨረሰውን ለነገ ይተዋል። እኔ በዚህ ጊዜ እበሳጫለሁ። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ብርሃን አለ እለዋለሁ። እሱ ግን ጫማውን እያወለቀ ለሶላት ይዘጋጃል።

እኔን ደግሞ መቀመጥ ያመኝ ነበር። ይህን በቀልድ አይደለም የምለው። እሑድ ቤት ስውል እጄ ይቁነጠነጣል፤ የጎረቤት ቁልፍ አስመጥቼ እፈታለሁ፣ የሚሠራ ሬዲዮ ከፍቼ አበላሻለሁ። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን ብሎን አይታ፣ "ዛሬስ ምን በደለህ?" ትለኝ ነበር። መሠረት ክርስትና ስትነሣ ከጉድጓድ ጥገና ዘግይቼ ደርሼ ቄሱ ሲወጡ ነው በር ላይ ያገኘኋቸው። በዚህ ሁሉ አላፈርኩም፤ ኮርቼበት ነበር። ሲሠራ የማይደክም ይሉኝ ነበርና።

ጋሽ ሰይድ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። መፍቻዎቹን ለእኔ አወረሰኝ፤ ደብተሩንም ሰጠኝ። መፍቻዎቹን ተጠቀምኩባቸው። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጥቂት ቆይቼ ወደ ቁይ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ፤ የጥገና ቡድን መሪ ሆንኩ። ጋሽ ሰይድ በሳምንት ሁለት ፓምፕ ሲሠራ እኔ አራት እሠራ ጀመር። ሪፖርቴን የሚያይ አለቃ ሁሉ ደስ ይለዋል። አንድ አለቃዬ እንዲያውም ስሜን ሳይጠራ "ማሽኑ" ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ቀበሌውን አልጠራም፤ በወረዳው ዳር ያለ፣ ታቦቱ ሚካኤል የሆነ ደገኛ ቀበሌ ነው። በጋ ነበር። የእጅ ፓምፑ ውሃ መስጠት አቅቶት ከላይ መንደር ያሉት ልጆች ወንዝ መውረድ ጀምረዋል። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ባንቻየሁ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አርባ ስምንት ሃምሳ የሚሆናት፣ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። የፓምፑን አጥር ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። እኔ ከሹፌራችን ጋር ካቴና ያለው የብረት ማንሻ ጭኜ ደረስኩ። ቀኑ አሥራ ሁለት ነበር። ማወቁንስ አውቄዋለሁ፤ ግን ለሳምንቱ የያዝኩት መርሐ ግብር ነበርና።

ወይዘሮ ባንቻየሁን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ስድስት ሰው ይፈልጉልኝ ስላት የማይጠየቅ ነገር የጠየቅኋት ያህል አየችኝ።

"ዛሬኮ ሚካኤል ነው፤ ማን ብረት ይነካል?" አለችኝ። "ነገ በጧት አሥር ሰው አመጣለሁ። ዛሬ እደሩ እንጅ። ቤትም አለ፣ እህልም አለ፤ ማኅበሩም እዚሁ ቅርብ ነው፣ አብረን እንሂድ።"

"ነገ ሌላ ቀበሌ ነኝ። ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ፤ እርስዎ ማኅበርዎ ይሂዱ" አልኳት።

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ምን ይላል? ከማኅበር ሲመለስ ውሃው ሲፈስ ያገኘዋል። ያመሰግንዎታል።"

ከወንዝ የመጣ ውሃ ጠጥቶ የታመመ የእህቷ ልጅ ቤቷ ተኝቷል፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ ቁልፉን አውጥታ ሰጠችኝ፣ ዞር ሳትል ሄደች።

ሹፌራችን ብረት አልነካም ብሎ ነበር። ለምኜ ለምኜ ካቴናውን ብቻ አስያዝኩት። ክላምፑን ብቻዬን አሰርኩ፤ አንድ ክላምፕ። ሁለተኛው መኪናው ላይ ነበር። ሁለተኛውን ማሰር የሚቆምበት ሰው ይፈልጋል፣ ሰው የለም፤ ስለዚህ ተውኩት። አራት ቧንቧ በሰላም ወጣ። ላቤን እየጠረግሁ ጋሽ ሰይድ ይህን ቢያይ ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ። አምስተኛው ሲወጣ ብረቱ ርጥብ ነበር፣ የክላምፑ ጥርስ ደግሞ የተበላ ነው። አጠበቅሁት ብዬ ካቴናውን አስለቀቅሁ።

ብረቱ ከክላምፑ ሥር ሲንሸራተት አየሁት። እጄን ልኬ ነበር፤ ያን ክብደት በእጅ ለመያዝ። እግዚአብሔር ነው ጣቶቼን ያተረፈልኝ። አሥር ቧንቧ ከነሲሊንደሩ ወረደ። ድምፁ ከጉድጓዱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ወጣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሹፌሩ ካቴናውን እንደያዘ አማተበ።

ድምፁን የሰሙት ከማኅበሩ ቤት እየተቻኮሉ መጡ። የማኅበሩን መሪ ሙሴ ይሉታል፤ የዚያን ጊዜው ሙሴ አያ ይበልጣል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ቀኑን ነካችሁት፤ መልአኩን አስቀየማችሁት" አሉ። ሌላውም አጉተመተመ። "ቁልፉን ማን ሰጠ?" አሉ አያ ይበልጣል።

ወይዘሮ ባንቻየሁ ከሰው መሐል ወጣች። "እኔ ነኝ" አለች። ለመነኝ አላለችም፣ ሞገተኝ አላለችም። እኔ ነኝ ብቻ አለች።

በዚያች ሰዓት ከእኔ የሚፈለገው ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበር። ሁለተኛውን ክላምፕ አላሰርኩም፤ የመጀመሪያውንም በደንብ አላጠበቅሁም። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ ነበር፣ ግን ይገባቸው ነበር፤ ብረት ያውቃሉ፣ የማረሻ ወገል ሲላላ ምን እንደሚሆን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አልተናገርኩም። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁ ባለሙያ እንደ ጀማሪ ቧንቧ ጣለ መባልን ፈራሁ። የሚካኤል ቁጣ ነው ሲሉ አንገቴን ደፋሁ፤ እነሱ የተጸጸትኩ መሰላቸው። እኔ ግን ከመልአኩ ጀርባ ተደብቄ ነበር።

ሦስት ቀን የወደቀውን ቧንቧ በማጥመጃ መንጠቆ ስፈልግ ሰነበትኩ። ቧንቧው ተጣምሞ ተቀርቅሯል፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ተሰንጥቆ አሸዋ ገብቷል። ጉድጓዱ ሞተ። ሪፖርት ላይ "በግድግዳው መደርመስ ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት አልነበረም፤ ግድግዳው ተደርምሷል። ያፈረሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የታታሪ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሲያነቡት "በበዓል ቀን እንኳ ሥራውን የማያቋርጥ" የሚል ነበረበት። ተቀበልኩ፤ ፎቶም ተነሣሁ።

ለጋሽ ሰይድ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲያባብለኝ ፈልጌ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ሁለተኛው ክላምፕ ታስሮ ነበር?"

"ታስሮ ነበር" አልኩት።

"እሺ" አለኝ። ከዚያ ስለ ልጆቼ ጤና ጠየቀኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፉን ሰማሁ። ውሸቴን ይዞ ነው የሄደው፤ እንደማውቀው ከሆነ ደግሞ ውሸት መሆኑን ያውቃል።

የወይዘሮ ባንቻየሁን ነገር የሰማሁት ዓመት ሳይሞላ ገበያ ላይ ነው። አንዲት የዚያ ቀበሌ ሴት እንቁላል እየሸጠችልኝ አወራችኝ። ከኮሚቴው አውርደዋታል። የሚካኤል ማኅበርተኞቹም ጽዋው ወደ እሷ ቤት አይገባም ብለዋል። የጽዋ ማኅበር ለማያውቅ፦ አባላቱ በየወሩ በመልአኩ ቀን በተራ ይደግሳሉ፤ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋ የማይገባበት ቤት ሐዘኑም ደስታውም ብቻውን ነው። በዓል የሻረች፣ ውሃ ያደረቀች እያሏት ነው አለችኝ። እንቁላሉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የዚያን ዕለት መሄድ ነበረብኝ። ሥራ በዛብኝ አልኩ።

ደግሞም በዛብኝ፤ እኔው ነበርኩ የማበዛው። ከዚያ ወዲህ ነው በእውነት ሱሰኛ የሆንኩት። ከጧት እስከ ማታ ብረት ስፈታ ስለ ሌላ ነገር አላስብም። እጄ የቆመ ዕለት ያቺ ሴት ከሰው መሐል እየወጣች "እኔ ነኝ" ስትል ትታየኛለች። ሰው ታታሪ ሲለኝ እኔ እየሸሸሁ ነበር። ለቀበሌው ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረለት፤ ቁፋሮው ሲካሄድ እኔ ሌላ ወረዳ እንድሠራ ጠይቄ ሄድኩ። ውሃው ተመለሰ፤ የእሷ ስም ግን አልተመለሰም።

ከሽኝቱ በኋላ ሥራ የለም። ቤት ውስጥ የሚፈታ ነገር ሁሉ ተፈትቶ አለቀ። መሠረት የነገረችኝ ደግሞ አላስቀምጥ አለኝ፤ ያ አማካሪ ቃሉን ያወጣው ጥፋቱን ለመናገር ነበር አለች። እኔ በዚያ ቃል ጋቢ ለብሻለሁ። አንድ ጧት ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣችኝ። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

"በሕይወት አለች?" አለችኝ።

"አለች ይላሉ።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ታወራልኛለህ?"

በወሩ በአሥራ ሁለት ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ነው። ወይዘሮ ባንቻየሁ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከታች ካለው ግቢ የማኅበሩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ጸጉሯ ሸብቷል። አወቀችኝ፤ ተነሥታ ሰላም አለችኝ፣ መደብ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ውሃውን ሳልጠጣ ነገርኳት፤ ስለ ክላምፑ፣ ስለ ተበላው ጥርሱ፣ መኪና ላይ ስለቀረው ሁለተኛው፣ ስለ ሪፖርቱ።

አላለቀሰችም። ፊቴን ትክ ብላ ታየኝ ነበር።

"እኔኮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስእለት አስገብቻለሁ" አለችኝ። "ጧፍ አስገብቻለሁ፣ ጥላ አስገብቻለሁ። ማረኝ ብየዋለሁ፤ ያ ልጅ ታሞብኝ ነው፣ ሳላውቅ ነው ብየዋለሁ። ዛዲያ ሚካኤል አልተቀየመኝም ነበር?"

"የሚካኤልን አላውቅም" አልኳት። "ብረቱን የጣልኩት ግን እኔ ነኝ።"

"አንቱ ነዎት።"

"አዎ፤ እኔ ነኝ።"

ተነሣች። ይቅር ትለኛለች ወይም ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላዋን አጣፋችና፣ "ለእኔማ ነገሩኝ። ይነሡ!" አለችኝ።

ወደ ማኅበሩ ቤት ወሰደችኝ። የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አልገባችም። አያ ይበልጣል አሁንም ሙሴ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ተናገርኩ። የነገርኳቸው እሷን የነገርኳትን ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ቁልፉን እንድትሰጠኝ እንደለመንኳት፣ እሷ እደሩ ብላኝ እንደነበር፣ ኋላም ስትወቀስ ቆሜ ዝም እንዳልኩ። ስጨርስ ጫማዬን ነው የማየው።

አያ ይበልጣል፣ "ቢያድሩ ኖሮ ምን ይጎድልብዎ ነበር?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ሊያውቁ ፈልገው ነው።

"ምንም አይጎድልብኝም ነበር" አልኩ። "መቀመጥ ስለማልችል ነው።"

ሰዎቹ ተያዩ። አንድ ጎልማሳ እንደ መሳቅ ብሎ ተወው። ከማኅበሩ ጋር የተቀመጡት ቄስ፣ ቀኑን መሻሬም ጥፋት እንደሆነ፣ እሱን ደግሞ ለንስሐ አባቴ እንድናገር፣ በሰው ላይ በሐሰት የተጫነው ግን ዛሬውኑ መነሣት እንዳለበት ተናገሩ። አያ ይበልጣል በሰው ተደግፈው ተነሡ። ጨርቅ የለበሰውን ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደፉ ሄዱ።

"ባንቻየሁ፣ በድለንሻል። ውሰጂ፤ ያንቺ ይሁን" አሉ።

እጇን አልዘረጋችም።

"ተራው የማን ነው?" አለች።

"የዚች የእናትነሽ ነበር።"

"እናትነሽ ትውሰድ። የሰው ተራ አልቀማም።"

"ዛዲያ መጨረሻ ላይ ከገባሽ ተራሽ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ያልፋል እኮ፣ ልጄ። ብዙ ነን።"

"ይለፍ። እናንተ ስሜን ጻፉት።"

የማኅበሩን መዝገብ የሚይዘው ጎልማሳ ደብተሩን ከፈተ። ስክሪብቶ አልነበረውም፤ የኔን ሰጠሁት። ከስሞቹ ሁሉ ግርጌ ጻፈ። ወይዘሮ ባንቻየሁ ያን ጊዜ ደፉን ተሻግራ ገባች፣ ደብተሩን ከእጁ ተቀብላ አየችው። ማንበብ አትችልም። ወደ እኔ ዘረጋችው።

"አንቱ ያንብቡልኝ" አለችኝ። "ከፍ አድርገው፤ ውጭ ያለው ሰውም ይስማ።"

"ባንቻየሁ አንለይ" ብዬ ከነአባቷ ስም አነበብኩ።

"ደግመው" አለችኝ።

ደገምኩት።